ዜናውን የሚያቀርብላችሁ

«...የስፖርት ዜናዎችን ደግሞ የምታቀርብልን ኪዲ ናት» አለችና የፕሮግራሙ መሪ ዜማ ማይክራፎኑን ገፋ አድርጋ አስጠጋችለት።

ኪዲ ወረቀቱን አነሳ። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ከዚያ የሚነገረው ነገር ዛፎቹ ላይ በተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች በኩል በእረፍት ሰዓት ለግቢው ሁሉ ይሰማል። ኪዲ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው። «የማቀርብላችሁ ኪዲ ነኝ» ይልና ወደ ዜናው ይገባል።

ዛሬ አላላትም።

«የስፖርት ዜናዎችን የሚያቀርብላችሁ ኪዲ ነው» አለ፤ ሳይቸኩል፣ ቃሉን ረገጥ እያደረገ።

ዜማ ቀና ብላ አየችው። እሱ ማንበቡን ቀጠለ። «በትናንትናው የክፍሎች የእግር ኳስ ግጥሚያ አሥረኛ ሐ ክፍል አሥረኛ መ ክፍልን ሁለት ለአንድ አሸንፏል...» ውጪ የነበረው ጫጫታ ድንገት ቀዝቀዝ አለ። ከዚያ ከአንዱ ዛፍ ሥር ሳቅ ተነሳ፤ ሳቁ ወደሚቀጥለው ዛፍ ተዛመተ፤ አንዱ ደግሞ በጣቱ አፏጨ። ኪዲ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው መስመር አነበበና ማይክራፎኑን አጠፋ።

«ሙድ ነው አይደል?» አለችው ዜማ። «ሙድ ልትይዢ ነው ያልሽው?»

«አይደለም» አላት።

ኪዲ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሲወለድ አዋላጇ ለእናቱ «ሴት ናት» ብላ ነገረቻት፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱም ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ያንኑ ይዞ ኖረ። ኪዲ ግን ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ወንድ መሆኑን ያውቃል። እንዴት አወቅህ ቢሉት መልስ የለውም፤ ሌሎቹን ወንዶች ልጆች እንዴት እንዳወቁ የሚጠይቃቸው ሰው እንደሌለ ሁሉ እሱም መልስ አላዘጋጀም። ስሙን አይጠላውም። ሙሉ ስሙ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ እንዲህ የሚባል ሰው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ ኪዲ ሲባል ደግሞ ይበልጥ ይመቻል። ጸጉሩን አሳጥሮ ይቆረጣል፤ የትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስም ለሁሉም ሱሪና ሹራብ በመሆኑ ቢያንስ ከቀሚስ ተርፏል።

ከአማርኛ ግን ማምለጫ የለም። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ሲጠራው ምንም አይሰማውም፤ በእንግሊዝኛ «አንተ» እና «አንቺ» አንድ ናቸው። ከክፍል ሲወጣ ግን «ነይ»፣ «ቁጭ በይ»፣ «በላሽ?»፣ «ደህና ዋልሽ?» ይጠብቀዋል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሰላም ሲሉት ነው የሚወጉት። ኪዲ ያገኘው መጠጊያ «እኔ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። «መጣሁ»፣ «በላሁ»፣ «ነኝ» የሚል ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። ሚኒ ሚዲያን የወደደውም ለዚህ ነው፤ ማይክራፎኑ እሱ ፊት እስካለ ድረስ ተናጋሪው እሱ ነው፤ ማንም «አንቺ» ሊለው አይችልም።

ታዲያ ዛሬ ምን ነካው? ትናንት ከሰዓት የሆነች ትንሽ ነገር ናት። ወደ ዘንዘልማ በሚሄድ ባጃጅ ተሳፍሮ ነበር፤ ሰፈሩ እዚያ ነው፤ በአንድ በኩል የጤፍ ማሳ፣ በሌላ በኩል ገና ልስን ያልነካቸው አዳዲስ ቤቶች ያሉበት። አንዲት ሽንኩርት የያዘች ሴት ስትገባ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየው «አንተ ልጅ፣ ጠጋ በልላት» አለው። ኪዲ «እሺ» ብሎ ጠጋ አለ። ሌላ ነገር አልተባለም። ግን ልቡ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈታ፤ መንገዱ ሁሉ አምሮ ታየው፤ አቧራው እንኳ። ትንሽ እንደሄዱ የሰፈሩ ሰው የሆነች ሴት ገብታ «ኪዲዬ፣ ደህና ነሽ?» አለችው። ሾፌሩ ዞረ። «ውይ ይቅርታ እህቴ፣ ወንድ መስለሽኝ እኮ ነው» አለ፤ ከልቡ አፍሮ።

ኪዲ ስድብ ለምዷል። ይቅርታው ግን አንጀቱን በላው።

የሚኒ ሚዲያው በር ተንኳኳና ዩኒት ሊደሯ ወይዘሮ አገርነሽ ገቡ። የተማሪን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፣ ዝቅ ነው የሚለው። ከኋላቸው የአማርኛ አስተማሪውና የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ መምህር ይትባረክ ቆመዋል።

«አሁን በማይክራፎን የተናገርሽው ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

«የስፖርት ዜና ነው።»

«ከዜናው በፊት ያልሽውን ነው የምጠይቅሽ።»

«ማን እንደሚያቀርብ ነው የተናገርሁት።»

ወይዘሮ አገርነሽ «ነገ ጠዋት ወላጅሽን ይዘሽ ቢሮ ነይ» አሉና ወጡ።

መምህር ይትባረክ ግን ቀሩ። የኪዲን ድምፅ ይወዱታል፤ በሚቀጥለው ወር በሚደረገው የወላጆች በዓል ላይ መድረኩን እንዲመራ የመረጡት እሳቸው ናቸው። «ኪዲ» አሉት ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «እንደ ወትሮው ‹የማቀርብላችሁ› ብትዪ ምን ነበረበት? ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ማንንም አያስቀይም።»

«እኔን ያስቀይመኛል፣ ቲቸር» አለ ኪዲ። «መደበቅ ደክሞኛል።»

መምህሩ አንገታቸውን ነቀነቁ። እሺ ይሁን እምቢ ግን አይለይም ነበር።

ትምህርት ሲያልቅ በር ላይ የኳስ ቡድኑ ልጆች ቆመው ነበር፤ መሐላቸው አስናቀ አለ። አስናቀ የኪዲ ጎረቤት ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ይመላለሳሉ። እውነቱን መጀመሪያ የሰማውም እሱ ነው። ዓምና ጣና ዳር ተቀምጠው ኪዲ ሁሉንም ሲነግረው አስናቀ አንድ ድንጋይ አንስቶ ውሃው ላይ ወረወረ፤ ከዚያ «እና ከአሁን በኋላ አንተ ልበልህ?» አለው። በቃ፣ ይኸው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለብቻቸው ሲሆኑ «አንተ» ይለዋል። ሰው ሲመጣ ወደ «አንቺ» ይመለሳል። ኪዲ ይህንን ሳይነጋገሩ ተቀብሎት ነበር፤ ከምንም ይሻላል ብሎ።

«ጋዜጠኛዋ መጣች» አለ ኪሩቤል፣ የቡድኑ አጥቂና አምበል። «ወይስ ጋዜጠኛው?» ልጆቹ ሳቁ። ኪሩቤል ወደ አስናቀ ዞረ። «ጀለስህ ናት አይደል?»

«ኧረ... የሰፈር ልጅ ናት» አለ አስናቀ።

ኪዲ ሳይቆም አለፋቸው።

ወደ ባጃጅ ተራው አልሄደም። ወደ ሐይቁ ወረደ። ዳር ዳሩን ይዞ፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ዘርግተው ከሚያሰጡበት አልፎ፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት ዘንድ ሲደርስ ከኋላው የሩጫ ኮቴ ሰማ።

«ኪዲ፣ ቁም እንጂ» አለ አስናቀ እያለከለከ።

«አሁን ነው ቁም?» አለ ኪዲ ዞር ብሎ። «በር ላይ ‹ናት› ስትል አልነበር?»

አስናቀ ወደ ውሃው አየ። «ኪሩቤልን ታውቀዋለህ። አንድ ነገር ካልሁ ዓመቱን ሙሉ አይለቀኝም። እኔንም ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። እኔንስ መቼ ለቀቁኝ?»

«አቦ አታካብደው። ለብቻችን ስንሆን እኮ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።»

«ለብቻው ሲሆን ሁሉም ሰው ደፋር ነው» አለ ኪዲ። «ስማ፣ አልተቀየምሁህም። ፈርተሃል፤ እኔም እፈራለሁ። ዛሬ ማይክራፎኑ ፊትም ፈርቼ ነበር። ግን ከአሁን በኋላ በድብቅ አልፈልግም። ወይ በሰው ፊትም አንተ በለኝ፣ ወይ ለብቻችንም አትጥራኝ።»

ሁለቱም ቆመው ደንገሉን ነፋስ ሲያጎነብሰው አዩ። ከዚያ ኪዲ ብቻውን ወደ መንገዱ ወጣ።

ቤት ሲደርስ እናቱ እናትዓለም ከፋብሪካ ገና መግባቷ ነበር። ቀኑን ሙሉ ማሽን ፊት ቆማ ነው የምትውለው፤ ስትመለስ መጀመሪያ የምታደርገው እግሯን ለብ ባለ ውሃ መንከር ነው። ኪዲ ከፊቷ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እማ፣ ነገ ወላጅ አምጣ ተብያለሁ።»

«ምን አድርገሽ?» አለች፤ ከዚያ የሰማችው ቃል ዘግይቶ ደረሳት። «አምጣ ነው ያሉሽ?»

«አምጪ ነው ያሉኝ። እኔ ነኝ አምጣ ያልሁት።»

የሆነውን ሁሉ ነገራት። የዜናውንም፣ የሳቁንም፣ የባጃጁንም። ከዚያም ለዓመታት የደበቀውን፣ ከአስናቀ በቀር ለማንም ያላወጣውን ነገራት። እናትዓለም እግሯን ከውሃው አላወጣችም። ውሃው ቀዘቀዘ።

«አውቅ ነበር መሰለኝ» አለች በመጨረሻ። «ማወቅ አልፈለግሁም እንጂ።» እጇን ጭኗ ላይ አሻሸች። «ትንሽ ሆነሽ ‹ና የኔ ጌታ፣ ና የኔ አንበሳ› እልሽ ነበር። እናት ሴት ልጇንም እንደዚያ ብላ ታቆላምጣለች። አንቺ ግን ስሰማሽ ፊትሽ ሌላ ይሆን ነበር፤ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ፈጥነሽ ትመጪ ነበር።»

«ከዚያ ተውሽው» አለ ኪዲ። «ትምህርት ቤት ስገባ። ትዝ ይለኛል።»

«ትልቅ ልጅ ሆነሻል፣ ሰው ይስቅብሻል ብዬ ነው።» ዓይኗን ጠረገች። «ልጄ፣ ሰው ክፉ ነው። ይጎዱሻል። አባትሽ ሲሰማስ? ንስሐ አባታችን ሲሰሙስ?»

«አሁንም እየተጎዳሁ ነው፣ እማ። ዝም ብዬ ስለምጎዳ ነው ያላየሽው።»

«እኔ አልችልበትም» አለች እናትዓለም። «አሥራ አምስት ዓመት የለመደ አፍ ነው። እንዴት አድርጌ ነው የማዞረው?»

«ብትሳሳቺ ምንም አይደለም። ብትሞክሪ ይበቃኛል።»

እናትዓለም ተነስታ ውሃውን ደፋች። እራት ሲበሉ ግን ከወትሮው ይልቅ ጥቂት ቃል ተናገረች፤ «ብዪ» የምትልበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሳህኑን ብቻ ወደ እሱ ትገፋለች።

በነጋታው ጠዋት ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቃ አብራው መጣች። ነጠላዋን አጥብቃ ተከናንባ ነበር። ቢሮ ውስጥ ወይዘሮ አገርነሽ ወንበር ሰጧት፤ መምህር ይትባረክ መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር፤ ኪዲ በሩ አጠገብ።

«ስለመጡልን እናመሰግናለን» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። «ልጅዎ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ይህን አንክድም። ትናንት ግን በትምህርት ቤቱ ማይክራፎን ያልተገባ ነገር አድርጋለች።»

እናትዓለም የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ያዘች። «ልጄ ምን አጠፋ?» አለች።

ኪዲ በጆሮው የሰማውን ለማመን ፈራ።

«አጠፋች ለማለት ነው» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

እናትዓለም ቀና አለች። «አጠፋ ነው ያልሁት። ምን አጠፋ?»

ወይዘሮ አገርነሽ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እኔ እናት ነኝ፤ ይገባኛል። ደንግጠዋል። እንደኔ ግን ጸበል ይውሰዷት። ሳይብስ።»

«ጸበል እንሄዳለን እኮ፣ እሜቴ። በየዓመቱ እንሄዳለን። የታመመ ሰው ሲኖረን ግን እናውቃለን፤ ልጄ አልታመመም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ያጠናል፣ ያግዘኛል። ከሰረቀ፣ ከተማታ፣ ሰው ከሰደበ ንገሩኝ፤ እኔው እቀጣዋለሁ።»

መምህር ይትባረክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገሩን ማክረር አያስፈልግም» አሉ። «ዛሬ በእረፍት ሰዓት ኪዲ ትግባና ትናንት የተባለው የቋንቋ ስህተት ነው ብላ ታስተካክል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። የወላጆች በዓሉንም ትመራለች፣ ሚኒ ሚዲያውም አይቀርባትም። ሁሉም ይረሳዋል።»

«እኔም እስማማለሁ» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። «ካልሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ ማይክራፎን አትነካም።»

ሁሉም ወደ እናትዓለም አዩ። እሷ ወደ ኪዲ አየች። «የተናገረው እሱ ነው» አለች። «እሱ ይወስን። እኔ ያልሰረቀን ልጅ ሌባ ነኝ በል አልለውም።» ከዚያ ተነስታ ለሁለቱም እጅ ነሳችና ወደ ሥራዋ ሄደች። በበሩ ስታልፍ እጇ የኪዲን ትከሻ ነካ አደረገው።

እረፍት እስኪደወል ኪዲ አንድም ትምህርት አልገባውም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ብለዋል፤ ልክ ናቸው። ማይክራፎኑን ይወዳል። በወላጆች በዓል ቀን መድረኩ ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ሰው ሰላም የሚልበትን ቃል መስታወት ፊት ስንት ጊዜ ተለማምዶታል። «የቋንቋ ስህተት ነበር» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ሰዋስዋዊ ስህተት ማን አይሠራም?

ደወሉ ተደወለ። ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ዜማ መሣሪያውን ከፍታ ጠበቀችው። መምህር ይትባረክና ወይዘሮ አገርነሽ በሩ ላይ ናቸው። ዜማ እጇን ማይክራፎኑ ላይ እንደጫነች በሹክሹክታ «ምን ብዬ ላስተዋውቅ?» አለች። «ላስተዋውቅህ»ም «ላስተዋውቅሽ»ም አላለችም። ኪዲ ይህን ሰማ።

«ምንም አትበይ። እኔው እጀምራለሁ።»

ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ዛሬ ግቢው ገና ሳይናገር ነው ዝም ያለው፤ ወሬው ደርሷቸዋል።

«እንደምን አረፈዳችሁ። ትናንት ባቀረብሁት የስፖርት ዜና ላይ ማስተካከያ እንድሰጥ ታዝዣለሁ። በእርግጥ አንድ ስህተት ነበር። አሥረኛ ሐ ክፍል አሥረኛ መ ክፍልን ያሸነፈው ሁለት ለአንድ ሳይሆን ሦስት ለአንድ ነው። የሦስተኛዋን ጎል ባለቤት ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ወደ በሩ አየ። «ሌላው የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ማስተካከያ የለውም። ዜናውን ያቀረበላችሁ ኪዲ ነው።»

ራሱ አጠፋው። ማንም እጁን እስኪይዘው አልጠበቀም።

ወይዘሮ አገርነሽ አልጮሁም። «የክፍሉን ቁልፍ ለመምህር ይትባረክ አስረክቢ» አሉ ዝቅ ባለው ድምፃቸው። «የበዓሉን መድረክ ዜማ ትመራለች።» ኪዲ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። መምህር ይትባረክ አንድ ነገር ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ፤ ወይዘሮ አገርነሽን አዩና መልሰው ዘጉት።

ኪዲ ወደ ግቢው ወጣ። ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነበር። የሚስቁ ነበሩ፤ ፊታቸውን የሚያዞሩም ነበሩ። ከደረጃው ሥር አንድ የማያውቀው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ሦስት ለአንድ» ብሎ ጮኸ፤ አጠገቡ ያሉት ሳቁ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን አላቆሰለውም። ማይክራፎኑን እንዳጣ ገና አሁን ነው የገባው።

የኳስ ቡድኑ ልጆች ከቧንቧው አጠገብ ቆመዋል። «አየኸው?» አለ ኪሩቤል፣ ኪዲ እንዲሰማው አድርጎ። «ጋዜጠኛዋን አባረሯት።»

«አባረሩት» አለ አስናቀ።

«ምን?»

«አባረሩት ነው የሚባለው። ወንድ ነው።» አስናቀ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋበት ይመስል ነበር።

ኪሩቤል ከላይ እስከ ታች አየው። «ኧረ ባክህ። አንተም ጀመረህ?»

«አዎ» አለ አስናቀ። «በቀጣዩ ጨዋታ ልታሰልፈኝ ካልፈለግህም አታሰልፈኝ።» ከዚያ ወደ ኪዲ አየ። «ኪዲ፣ ና፤ ውሃ ጠጣ።»

ኪዲ ሮጦ አልሄደም። ቀስ ብሎ ሄደ፤ ከቧንቧው ጎንበስ ብሎ ጠጣ፤ ፊቱንም ታጠበ። ስለ ትናንቱ ሁለቱም አላነሱም። ኪሩቤል አንድ ነገር አጉረምርሞ ልጆቹን ይዞ ሄደ፤ አስናቀ አብሯቸው አልሄደም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ፣ እናትዓለም የኪዲን ሹራብ እየሰፋች «ነገ አባትህ ይመጣል» አለች። ቃሉ ሳታስበው ይሁን አስባበት አይታወቅም፤ ኪዲም አልጠየቃት። «እኔ ልንገረው ወይ? ከእኔ ቢሰማው ይሻላል።»

አባቱ ገድሉ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል በምትመላለሰው ጀልባ ላይ መካኒክ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ግትር ነው፤ አንዴ እምቢ ካለ የሚመልሰው የለም። ኪዲ ማይክራፎኑ ፊት ከፈራው የበለጠ ፈራ።

«አይ» አለ። «ከእኔ ነው መስማት ያለበት።»

«ቢቆጣስ?»

«ይቆጣ።»

እናቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሹራቡን አቀበለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ኪዲ ብቻውን ወደ ወደቡ ወረደ። ሐይቁ ተረጋግቶ ነበር፤ ከደሴቶቹ ወዲህ ጀልባዋ ጭሷን እየጎተተች መጣች። ዘመድ የሚጠብቁ ሰዎች ከሾላው ሥር ተሰብስበዋል። ኪዲ አብሯቸው ቆሞ ነበር፤ ጀልባዋ ስትቀርብ ግን ከጥላው ወጥቶ እስከ ሲሚንቶው ጫፍ ሄደ።

አባቱ ዘይት የነካካው ቱታ ለብሶ ከፊት ቆሟል። ኪዲን ሲያይ ፊቱ በራ። «ኪዲዬ» አለ ከሩቅ፣ «መጣሽልኝ? እንኪ፣ ገመዱን ያዢልኝ።»

ገመዱ በአየር ላይ ተዘርግቶ መጣ። ኪዲ በሁለት እጁ ቀለበው፤ ሲሚንቶው ላይ የተተከለው ብረት ላይ ጠመጠመው፤ እስኪጠብቅ ሳበው። ጀልባዋ ዳሩን ነክታ ቆመች።

«አባባ» አለ፣ ገመዱን ሳይለቅ፣ «ሞተሩን አጥፍተህ ና። ቤት ሳንሄድ የምነግርህ ነገር አለ።»